ደላላው አጎት ሲመስል፦ የምግብ ማስታወቂያ ልጆች ላይ እንዴት ይሠራል?

የ2018 ዓ.ም. ገና ሊከበር ሁለት ቀን ሲቀረው ብሪታንያ ውስጥ አንድ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ቀኑ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ቀን 2026 ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ ስብ፣ ስኳር ወይም ጨው የበዛባቸውን ምግቦችና መጠጦች በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ አይቻልም። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ገንዘብ ተከፍሎባቸው የሚወጡ እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች በማንኛውም ሰዓት ተከልክለዋል።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር ሁለት ነገር ሲባል እሰማለሁ። አንዱ «ቺፕስና ከረሜላ ሊከለከል ነው» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ማስታወቂያው ምን አደረገ? ልጁን የሚያበላው ወላጁ አይደል እንዴ?» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ነው። የተከለከለ ምግብ የለም። ቺፕሱም ከረሜላውም ሱቅ ውስጥ እንዳለ አለ። የተከለከለው ልጆች በሚያዩበት ሰዓት እሱን ማስተዋወቅ ነው። ሁለተኛው ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩትም በዋናነት እሱን ለመመለስ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅ ማስታወቂያ ሲያይ ምን ይታየዋል?

መርካቶ ገባችሁ እንበል። አንድ ደላላ ተጠጋችሁ። «ኦሪጅናል ነው፤ ዛሬ ካልወሰዳችሁት ነገ አታገኙትም» ይላል። ትሰሙታላችሁ። ግን ገና አፉን ሲከፍት ደላላ መሆኑን አውቃችኋል። ከሽያጩ ኮሚሽን እንደሚያገኝ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከሚለው ላይ ግማሹን ቀንሳችሁ ነው የምትሰሙት። አንዳንዴ ያታልላችሁ ይሆናል። ቢሆንም ጨዋታው ምን እንደሆነ ገብቷችኋል። መከላከያችሁ እሱ ነው።

አሁን ያንኑ ደላላ የአራት ዓመት ልጅ ፊት አቁሙት። ልጁ ደላላ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም። ፈገግ እያለ የሚያናግረው፣ የሚዘፍንለት፣ የሚያስቀው ሰው ሁሉ ለእሱ አጎት ነው። አጎት ደግሞ «ይህ ጣፋጭ ነው፣ ብላው» ካለ ለልጁ ጥሩ ስለሆነ ነው። ከሚሰማው ላይ የሚቀንሰው ነገር የለም።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ጉዳዩን የሚያጠና ቡድን አቋቁሞ በ2004 ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ሪፖርቱ ሁለት ደረጃዎችን ይለያል። ከአራትና ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ፕሮግራሙ የት ጋ አልቆ ማስታወቂያው የት ጋ እንደጀመረ በቅጡ አይለዩም። አንድ ነብር ካርቱን ውስጥ ሲሮጥም፣ ብስኩት ይዞ ማስታወቂያ ላይ ሲመጣም ለእነሱ ያው አንድ ታሪክ ነው። ከዚያ ከፍ ያሉት እስከ ሰባትና ስምንት ዓመት ድረስ ልዩነቱን ያያሉ። ነገር ግን «ይህ ሰው ይህን የሚነግረኝ ሊሸጥልኝ ፈልጎ ነው» የሚለው ሐሳብ ገና አልያዛቸውም። የተነገራቸውን ሁሉ እንደ መረጃ ይቀበሉታል።

ስምንት ዓመት ሲሞላው ልጁ ጋሻ ይታጠቃል ማለትም አይደለም። ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን በዚያች ቅጽበት አስታውሶ ራስን መግታት ሌላ ነገር ነው። እኛ አዋቂዎቹስ ስንቱን ነገር እያወቅን ገዝተናል?

ለምን ጎመንና ምስር አይተዋወቁም?

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በሠራው ጥናት መሠረት፣ በ2004 ከ2 እስከ 11 ዓመት ያለ አንድ አሜሪካዊ ልጅ በአማካይ በዓመት 5,500 ያህል የምግብ ማስታወቂያ በቴሌቪዥን ያይ ነበር። ለየቀኑ ሲካፈል 15 ይሆናል። በ2006 ደግሞ 44 ኩባንያዎች ምግብና መጠጥ ለልጆችና ለወጣቶች ለማስተዋወቅ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል እንዳወጡ ይኸው ኮሚሽን ዘግቧል። አብዛኛው የሚያስተዋውቀው እንደ ኮርንፍሌክስ ያለ ጣፋጭ የቁርስ እህል፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ከረሜላ፣ ቺፕስና ፈጣን ምግብ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሮት ባለቤት የለውም። አንድ ገበሬ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ካሮትን በቴሌቪዥን ቢያስተዋውቅ ተመልካቹ ሄዶ የሚገዛው የጎረቤቱን ገበሬ ካሮት ሊሆን ይችላል። ስም የተለጠፈበት፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ መደርደሪያ ላይ ወራት የሚቆይ ብስኩት ግን ባለቤት አለው። ለማስታወቂያ የወጣው ገንዘብ ተመልሶ የሚገባው በዚያው ባለቤት ኪስ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያ በተፈጥሮው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ሆን ብሎ ጎመንን የሚጠላ ሰው አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ ሁለት ቃላት ይጠቀማል። አንዱ ተጋላጭነት ነው፤ ልጁ ማስታወቂያውን ስንት ጊዜ አየው ማለት ነው። ሌላው ኃይል ነው። ይህ ደግሞ ማስታወቂያው ውስጥ ያለውን ማባበያ ይመለከታል፦ ካርቱኑን፣ ዘፈኑን፣ ከምግቡ ጋር የሚሰጠውን አሻንጉሊት፣ ታዋቂውን ተጫዋች። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ጥሩ ዘፈን ይረሳል። መቶ ጊዜ የተሰማ ዘፈን ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ አፍ ላይ ይገባል።

የሚበሉትንስ በእርግጥ ይለውጣል?

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

በ1982 የታተመ አንድ ጥናት በካናዳዋ ኩቤክ ክፍለ ግዛት፣ የበጋ ካምፕ ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ልጆቹ ከ5 እስከ 8 ዓመት ናቸው። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ካርቱን ያያሉ። ካርቱኑ ለሁሉም አንድ ነው። የተለየው መሐል ላይ የሚገባው ማስታወቂያ ነው። አንዱ ቡድን የከረሜላ፣ ሌላው የፍራፍሬ፣ ሌላው ስለ ጤናማ አመጋገብ የሚመክር መልእክት ያያል፤ አንዱ ምንም አያይም። ካርቱኑ ሲያልቅ ልጆቹ የሚበሉትንና የሚጠጡትን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ብርቱካን ጭማቂ ወይስ በስኳር የተበጠበጠ መጠጥ፣ ፍራፍሬ ወይስ ከረሜላ። የከረሜላ ማስታወቂያ ያዩት ከሌሎቹ ይልቅ ከረሜላውን አነሱ። ልብ በሉ፤ በቃላት አልተጠየቁም። የታየው እጃቸው የሄደበት ነው።

ሌላው በ2009 የታተመው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ካርቱን ሲያዩ አጠገባቸው ጨዋማ ብስኩት በሳህን ይቀመጣል። ግማሾቹ የሚያዩት ካርቱን ውስጥ የምግብ ማስታወቂያ አለ፤ የግማሾቹ ውስጥ የሌላ ዕቃ ማስታወቂያ ነው ያለው። የምግብ ማስታወቂያ ያዩት 45 በመቶ የበለጠ በሉ። ሳህኑ ላይ ያለው ብስኩት ማስታወቂያው ውስጥ ያልነበረ ነው። መብላታቸው ከረሃብ ጋርም አልተያያዘም። ስለዚህ ማስታወቂያ የሚሠራው «የእኔን ምርት ግዛ» በማለት ብቻ አይደለም። ዝም ብሎ እጅን ወደ አፍ ይልካል። አጠገብ ያለው ምንም ይሁን ምን።

ሦስተኛው ሁሌም ያስገርመኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች 63 ልጆችን ያዙ። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ነው። ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ምግብ ያቀርቡላቸዋል። አንደኛው በተራ ወረቀት፣ ሌላኛው የታዋቂው በርገር ሻጭ የማክዶናልድስ ምልክት ባለበት ወረቀት ተጠቅልሏል። «የቱ ይጣፍጣል?» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ ምልክት ያለበት ይጣፍጣል አሉ። ካሮት እንኳ በዚያ ወረቀት ሲመጣ የበለጠ ጣፈጣቸው። ውጤቱ የታተመው በ2007 ነው። ቤታቸው ብዙ ቴሌቪዥን ያለባቸው ልጆች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብስ ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ማንበብ አይችልም። ምልክቱን ግን ያውቀዋል፤ ምላሱ ላይ ያለውን ጣዕም እስኪለውጥበት ድረስ።

«ችግሩ ማስታወቂያው ሳይሆን ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቶ መዋሉ ነው» የሚል ሙግት አለ። የሚናቅ ሙግት አይደለም። መልስ የሚሆን አንድ ጥናት በ2010 ከሎስ አንጀለስ መጣ። ተመራማሪዎቹ ልጆች የሚያዩትን ቴሌቪዥን ለሁለት ከፈሉት፤ ማስታወቂያ ያለበትና ማስታወቂያ የሌለበት። ከዓመታት በኋላ ከሚታይ ውፍረት ጋር ተያይዞ የተገኘው ማስታወቂያ ያለበት ነው። ማስታወቂያ የሌለበትን ማየት ከውፍረት ጋር አልተያያዘም። መቀመጡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እኩል በሆኑ ነበር። ጥያቄው በዚህ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ አይባልም፤ እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን እንጂ ምክንያትን በቀጥታ አያሳይም። ከካምፑና ከሳህኑ ሙከራ ጋር አብሮ ሲታይ ግን ነገሩ ወዴት እንደሚያመለክት ግልጽ ነው።

ታዲያ እናትና አባት ምን ይሠራሉ?

ልጁ ብር የለውም። ብሩ ያለው ወላጅ ጋ ነው። አስተዋዋቂውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ በመሐል አንድ ድልድይ አለ፤ ውትወታ። «ግዢልኝ። እማዬ ግዢልኝ። ሁሉም ልጆች አላቸው እኮ።» ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በንግዱ ዓለም ይህ እንደ አንድ የሽያጭ መንገድ ተጠንቶ፣ ስም ወጥቶለት የሚሠራበት ነገር ነው። የጣፋጭ መደርደሪያ ሱቅ ውስጥ የት ከፍታ ላይ እንደሚቀመጥ ተመልከቱ። በሕፃን ዓይን ልክ ነው። ሒሳብ የሚከፈልበት ቦታ አጠገብ ማስቲካና ቸኮሌት የሚደረደረውም እናት ሰልፍ ይዛ መሄጃ በማይኖራት ሰዓት ነው።

«ወላጅ እምቢ ይበል» ማለት ቀላል ነው። ሒሳቡን ግን እናስላው። በቀን 15 ማስታወቂያ «ጠይቅ» ይላል። እናት በቀን ስንት ጊዜ «አይሆንም» ማለት ትችላለች? ከሥራ ደክማ ገብታ፣ ምሳ ዕቃ እያጠበች፣ ሕፃን አዝላ? ከዚህም በላይ እያንዳንዱ «አይሆንም» ከልጇ ጋር የምታደርገው አንድ ትንሽ ጠብ ነው። ማስታወቂያው ሁልጊዜ ጥሩው አጎት ይሆናል፤ እሷ ክፉዋ እናት። ይህ ፍትሐዊ ውድድር አይደለም። የወላጅ ኃላፊነት የለም እያልኩ አይደለም። ኃላፊነቱን የሚወጣው ሰው በየቀኑ ከጀርባው እየተጎተተ ነው እያልኩ ነው።

ቺሊ ምን ሞከረች?

ይህን ጉዳይ ከሁሉ ደፍራ የያዘችው ረጅምና ቀጭኗ የደቡብ አሜሪካ አገር ቺሊ ናት። ጊዶ ጂራርዲ የሚባል ሴናተር ነበር፤ ሙያው ሕክምና ነው። በ2007 ስለ ምግብ መለያና ማስታወቂያ የሕግ ሐሳብ አቀረበ። ኩባንያዎች አጥብቀው ተቃወሙ። ሕጉ በ2012 ጸደቀ። ሥራ ላይ የዋለው ግን ጁን 27 ቀን 2016 ነው። ያኔ ፕሬዚዳንቷ ሚሼል ባችሌት ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ናቸው።

ሕጉ ሦስት እግር አለው። አንደኛው በማሸጊያው ፊት ለፊት የሚለጠፍ ጥቁር ስምንት ማዕዘን ምልክት ነው። መንገድ ላይ መኪና «ቁም» የሚለውን ምልክት ይመስላል። «ስኳር የበዛበት»፣ «ጨው የበዛበት»፣ «ጎጂ ስብ የበዛበት»፣ «ካሎሪ የበዛበት» እያለ ለየብቻ ይናገራል። አንድ ምርት አራቱንም ተሸክሞ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛው፣ ምልክቱ ያለበት ምግብ ትምህርት ቤት ውስጥ አይሸጥም።

ሦስተኛው የእኛ ርዕስ ነው። ጥቁር ምልክት ያለበትን ምግብ ከ14 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስተዋወቅ ተከለከለ። ካርቱን፣ የልጅ ድምፅ፣ አሻንጉሊት፣ ስጦታ፣ ልጅን የሚጠራ ነገር ሁሉ። ማስታወቂያው ላይ ብቻ ሳይሆን ማሸጊያው ላይም። ቶኒ የሚባለው ታዋቂ የካርቱን ነብር ከስኳራማው የቁርስ እህል ካርቶን ላይ ወረደ። ውስጡ አሻንጉሊት ያለው የኪንደር የቸኮሌት እንቁላልም ከሱቅ ወጣ። ምክንያቱም አሻንጉሊቱ ራሱ ማጥመጃ ነው። ኩባንያዎች ምስሉ የንግድ ምልክት መብታችን ነው ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። ነብሩ ግን አልተመለሰም።

በ2018 ሕጉ ጠበቀ። ምልክቱ ያለበት ምግብ በቴሌቪዥን በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ጨርሶ እንዳይተዋወቅ ተደረገ። ለልጅ የታሰበ ይሁን ለአዋቂ ለውጥ የለውም። ለምን ይህ አስፈለገ? ልጆች የሚያዩት የልጆች ፕሮግራም ብቻ ስላልሆነ ነው። ማታ ከቤተሰብ ጋር ድራማ ያያሉ፣ ኳስ ያያሉ። ማስታወቂያው ከካርቱኑ ተባርሮ ወደ ድራማው ቢሄድ ልጁም ተከትሎት ሶፋው ላይ አለ።

ውጤቱስ? ከ2018ቱ እርምጃ በኋላ ልጆች በቴሌቪዥን የሚያዩት የእነዚህ ምግቦች ማስታወቂያ፣ ሕጉ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው በ73 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ቀድሞም ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት ተኩል ውስጥ፣ ቤተሰቦች የሚገዙት ምልክት ያለበት ጣፋጭ መጠጥ በ24 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነበር። ፋብሪካዎችም ምልክቱን ሽሽት ስኳርና ጨው መቀነስ ጀመሩ። ቢያንስ አንድ ጥቁር ምልክት ሊለጠፍባቸው የሚገቡ ምርቶች ድርሻ ከ51 ወደ 44 በመቶ ወረደ።

እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። መለያው፣ የትምህርት ቤቱ ክልከላና የማስታወቂያው ገደብ አንድ ላይ ስለመጡ ከውጤቱ ምን ያህሉ የማስታወቂያው ነው ብሎ ቆርጦ መናገር አይቻልም። የተለካውም የታየ ማስታወቂያና የተገዛ ዕቃ ነው። ክብደት የሚለወጠው በዝግታ፣ በብዙ ምክንያት ነው። «ቺሊ ማስታወቂያ ከልክላ ውፍረትን አጠፋች» የሚላችሁ ሰው ካለ አጋንኗል።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን ቁጥር ያልሆነ ነገር ነው። ተመራማሪዎች የቺሊ እናቶችን ሰብስበው ሲያነጋግሩ፣ ልጆቻቸው ስለ ጥቁሩ ምልክት ትምህርት ቤት እየተማሩ ቤት መጥተው «ይህን አትግዢ» እንደሚሏቸው ተናገሩ። ውትወታው አቅጣጫውን ቀየረ።

ሌሎች አገሮችስ?

ኩቤክን አስታውሱ፤ የካምፑ ሙከራ የተሠራባት ክፍለ ግዛት። ከ1980 ጀምሮ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማናቸውንም የንግድ ማስታወቂያ ትከለክላለች። ምግብ ብቻ አይደለም፤ አሻንጉሊትም ጭምር። አንድ የአሻንጉሊት ኩባንያ የመናገር ነፃነቴ ተነካ ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1989 ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ ነፃነቱ መነካቱን አመነ። ሆኖም ትንንሽ ልጆች የማስታወቂያን የማባበል ኃይል መመዘን ስለማይችሉ ገደቡ ተገቢ ነው ብሎ ሕጉን አጸና። ደላላውና አጎቱ፣ በዳኛ ቋንቋ።

አሜሪካ በተቃራኒው መንገድ ሄደች። በ1978 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በልጆች ላይ ያነጣጠረ የቴሌቪዥን ማስታወቂያን ለመገደብ ሐሳብ አቀረበ። ያኔ ዋናው ስጋት ስኳርና የጥርስ መበስበስ ነበር። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ ኮሚሽኑን «ብሔራዊ ሞግዚት» ብሎ ጠራው። ኢንዱስትሪው ተረባረበ። ኮንግረሱ በ1980 የኮሚሽኑን ሥልጣን በዚህ ጉዳይ ላይ በሕግ አሳጠረው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ያለው በዋናነት ኩባንያዎች ለራሳቸው የሚገቡት ቃል ነው። ቃሉን የሚያወጣውም፣ የትኛው ምግብ «የተሻለ» እንደሆነ የሚወስነውም ራሱ ሻጩ ነው። ደላላ የራሱን ኮሚሽን ልክ እንዲወስን እንደመተው ያህል ነው።

ሕጎቹ ቀዳዳ የላቸውም?

አላቸው። ስዊድን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የሚደረግን የቴሌቪዥን ማስታወቂያ በ1991 ከለከለች። ነገር ግን ከለንደን በሳተላይት የሚተላለፍ የስዊድንኛ ጣቢያ ነበር። የስዊድን ሕግ አይነካውም። ልጆቹ ማስታወቂያውን በዚያ በኩል አዩት።

የብሪታንያው አዲስ ሕግም በር ትቷል። የሚከለከለው ተለይቶ የሚታወቅ ምርት ነው። አንድ ኩባንያ በርገሩን ሳያሳይ ስሙን፣ ቀለሙንና ዘፈኑን ብቻ ቢያስተዋውቅ ይፈቀዳል። ከ250 በታች ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶችም ነፃ ናቸው። ትንንሾቹን መተው ይገባኛል። የስሙ ነገር ግን ያሳስበኛል። የካሮቱን ሙከራ እናስታውስ፤ ካሮቱን ለእነዚያ ልጆች ያጣፈጠላቸው ወረቀቱ ላይ ያለው ምልክት ብቻ ነበር።

እኛ ጋስ ምን አገናኘን?

«እኛ አገር ልጅ የሚበላው አጥቶ እያለ የምን የቺፕስ ማስታወቂያ ወሬ ነው?» የሚል አይጠፋም። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ይህ ትልቁ ሕመማችን ነው። ግን ሁለቱ ጉዳዮች አይጣሉም፤ ይደጋገፋሉ። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው። በለስላሳና በብስኩት ከሞላ ለእንቁላሉ፣ ለሽሮው፣ ለወተቱ ቦታ የለውም። ገንዘብም እንዲሁ ነው። ባለችው ጥቂት ብር እንቁላል ወይም የታሸገ ብስኩት የምትገዛ እናት አለች። ልጁ የሚዘፍነው ስለ ብስኩቱ ከሆነ የቱን እንደምትገዛ መገመት አይከብድም።

ዩኒሴፍ በሴፕቴምበር 2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ከልክ በላይ የወፈሩት ከሲታ ከሆኑት ለመጀመሪያ ጊዜ በለጡ አለ፤ 9.4 በመቶ በ9.2። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካና ደቡብ እስያ ገና እዚያ አልደረሱም። ይህን እንደ ዕድል አየዋለሁ። ቺሊ እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ነው ውኃ ይዛ የሮጠችው።

ማስታወቂያን በሕግ መገደብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። ከዚያ በፊት ዜናውም፣ ኳሱም፣ በዓሉም በቢራ የታጀበ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። በአንድ አዋጅ ጸጥ አለ።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖች ነገሩ የበለጠ ቅርብ ነው። ለንደን ያለ ቤተሰብ አዲሱ ሕግ በቀጥታ ይመለከተዋል። እስራኤል ያሉት ከ2020 ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ ቀዩን ምልክት ያዩታል፤ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ በዝቷል ማለት ነው። አሜሪካ ያለች እናት ግን ሕግ ሳይሆን ሪሞት ነው ያላት።

ቤት ውስጥ ምን ይቻላል?

የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ምግብ ሲበላ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት አንዱ ነው። ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሁለት ትምህርት ቤቶች የተደረገና በ1999 የታተመ ሙከራ ነበር። የአንደኛው ትምህርት ቤት ልጆች ቴሌቪዥን የሚያዩበትን ጊዜ እንዲቀንሱ ታገዙ። በዓመቱ መጨረሻ ከሌላኛው ትምህርት ቤት ልጆች ያነሰ ክብደት ጨመሩ። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው የሚበሉትም ቀንሶ ተገኘ።

ሌላው ስሙን መጥራት ነው። «ይሄ ማስታወቂያ ነው። ብስኩቱን እንድንገዛ ፈልገው ነው።» አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሁልጊዜ። ልጁን ብረት አይለብሰውም፤ ግን ደላላ የሚባል ነገር መኖሩን ቶሎ ያውቃል።

ከባዱ ስልኩ ነው። ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ ስለሆነ እናት ወጥ እያማሰለችም ቢሆን ዘፈኑን ትሰማለች። ስልክ ላይ ያለውን የሚያየው ልጁ ብቻ ነው። ማስታወቂያው ደግሞ ማስታወቂያ አይመስልም። አንድ ወጣት ከረሜላ እየከፈተ ይቀምሳል፣ ይስቃል፣ «ጓደኞቼ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መመሪያውን ሲያድስ አገሮች አስገዳጅ ሕግ እንዲያወጡ፣ እስከ 18 ዓመት ያሉትን ሁሉ እንዲጠብቁ የመከረው ለዚህም ጭምር ነው።

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ባለፈው አጠገቤ ቁጭ ብላ እንዲህ ያለውን ቪዲዮ ስታይ አብሬያት አየሁ። ሲያልቅ ጠየቅኳት።

«ይሄ ልጅ ከረሜላውን የሚያሳይሽ ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ራሱ አስገረማት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጓደኛዬ ነዋ» አለችኝ።